ብጣሹ የማን ነው

ማርች 5፣ ማክሰኞ

ዛሬ ፈረምኩ። ይህ ደብተር የደንበኞቼን ልክ የምጽፍበት ነበር፤ የፊተኛው ግማሽ አሁንም የሰው ደረትና ወገብ ነው። ከዚህ ወዲህ ያለው የራሴ ይሁን። ልክ ሳልጽፍ ግን እጄ አይሄድልኝም፦ ወገብ 31፣ ሆድ 33።

ጠበቃው ወረቀቱን ገጽ በገጽ አነበበልኝ። ሴትየዋ ማኅፀኗን በሕመም አጥታለች። ፅንሱ የእሷና የባሏ ነው። እኔ እሸከማለሁ፣ እወልዳለሁ፣ አስረክባለሁ። ስድሳ ሺህ ሴዲ፣ በየደረጃው እየተከፈለ። «ደመወዝ አይደለም፤ የልጅ ዋጋም አይደለም። ካሳ ነው» አለኝ። ካሳ የሚከፈለው ለጠፋ ነገር ነው፣ ምን ሊጠፋብኝ ነው? ብዬ ጠየቅሁት። «ጊዜሽ፣ ድካምሽ» አለና ገጹን ገለጠ። አክፔኔ አግቤኮ ብዬ አሥራ አንድ ቦታ ፈረምኩ።

ለእኔ እንዲህ ነው የገባኝ፦ ደንበኛ ጨርቋን ይዛ ትመጣለች፣ እኔ እሰፋለሁ፣ ለብሳው ትሄዳለች። የደንበኛ ቀሚስ ሄደብኝ ብዬ አልቅሼ አላውቅም። ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አንድ ልጅ ወልጃለሁ፣ አንድ ባል ቀብሬያለሁ።

ገንዘቡ ለምን እንደሆነ እዚህ ይጻፍ፣ በኋላ እንዳልዘነጋው። ኬታ፣ ከእናቴ ቤት ፊት ለፊት የነበሩት ሦስት ቤቶች ባሕር ውስጥ ናቸው። ተራው የእኛ ነው። እናቴ ዳዳና ልጄ ሴፋኮር እዚያ ነው የሚያድሩት። ከመንገዱ ወዲያ ከፍ ያለ ቦታ አግኝቻለሁ። የኖቬምበሩ ማዕበል ሳይመጣ ሁለት ክፍል መቆም አለበት።

ማርች 12

ገባ። አንዱ እንኳ ቢይዝ ብለው ሁለት ፅንስ አስገቡ። አልታመመኝም። በጀርባዬ ተኝቼ ኮርኒሱን ስቆጥር አለቀ።

ማርች 26

ይዟል። ሦስት ሺህ ገባልኝ። ለቦታው ቀብድ ላክሁ።

ኤፕሪል 9

ሁለቱም ይዘዋል። ሐኪሙ የአልትራሳውንዱን መስኮት ወደ እኛ አዞረው። ሁለት ልብ፣ ሁለቱም እየተጣደፉ። ማዳም አፍሪዬ፣ ባለቤቶቹ እነሱ ናቸው፣ እሷና ባሏ፣ በእግሬ በኩል ቆማ ነበር። የምትይዘው ስታጣ የእግሬን አውራ ጣት ያዘች። እጇ ቀዝቃዛ ነው። የኩማሲ ሴት ናት፤ እዚህ አክራ የራሷ መድኃኒት ቤት አላት።

የመንታ ጭማሪ አሥራ ሁለት ሺህ ነው። በዚህማ ሁለተኛው ክፍል እስከ ጣሪያው ያልቃል። ሆድ 33 ተኩል። ከምግቡ ሊሆን ይችላል።

ኤፕሪል 21፣ እሑድ

ለሰው የምንሸከም ሴቶች እስክንወልድ የምንቀመጥበት ቤት ከገባሁ ሳምንት አለፈኝ። አራት ነን። ደንቡ በሩ ላይ ተለጥፏል፦ ያለ ፈቃድ መውጣት የለም፤ ስልክ እሑድ ብቻ፤ እንግዳ የለም፤ የባህል መድኃኒትም ሆነ የባህል ዕቃ የለም። የቤቱ ኃላፊ አንቲ አራባ የምንበላውን ቆማ እያየች ትመዘግባለች። አንድ ክፍል የምጋራት ኮርኮር የቴሺ ልጅ ናት፤ ለሰው ስትሸከም ይህ ሁለተኛዋ ነው። ሆዴን በሜትር ስለካ አይታ ሳቀችብኝ።

«ምነው፣ ቀሚስ ልትሰፊለት ነው?»

«ልማድ ነው።»

«ይሄን ልማድሽን ተይው። ሆድሽ ውስጥ ያለውን አትለኪ፤ ኪስሽ የገባውን ቁጠሪ። እኔ ያለፈውን ፊቱን እንኳ አላየሁም። ይኸው ደህና ነኝ።»

ደህና ናት። ብቻ በእንቅልፏ ታወራለች።

ዳዳ ዘንድ ደወልኩ። አቢጃን ሰው ቤት ተቀጥሬ እንደምሠራ ነው የነገርኳት። «አሠሪሽ ደግ ናት?» አለችኝ። ደግ ናት አልኩ። ሴፋኮር ስልኩን ቀምታ፣ ባሕሩ የጎረቤቱን የኮኮናት ዛፍ ሥሩን አውጥቶት እኔ እንደ ወንበር ተቀመጥኩበት አለችኝ። ሳቅሁላት።

ሜይ 2

ሐኪሙ መሣሪያውን ሆዴ ላይ ደጋግሞ አዟዟረው። አንዱ ልብ ቆሟል። ሌላው ይመታል። «የቆመውን ሰውነትሽ ራሱ ይመጥጠዋል፤ ምንም አይደለም» አለኝ። ማዳም አፍሪዬ እግሬን አልያዘችም። ባሏ በክንዷ ይዞ አስወጣት።

ሜይ 3

አንቲ አራባ የክፍያ ዝርዝሬን አመጣችልኝ። «የመንታ ጭማሪ» የሚለው ላይ ቀይ መስመር ተሰምሮበታል፣ ቀንም ተጽፎበታል። የባልየው ፊርማ ነው። ሁለተኛው ክፍል ሄደ። ለገንዘቡ አለቀስኩ። ኮርኮር ደንግጣ ተነሥታ ተቀመጠች። «ለአሥራ ሁለት ሺህ ሰው እንዲህ ያለቅሳል?» አለችኝ። ብዙ ገንዘብ ነው አልኳት።

ሜይ 4

ገንዘቡ ነው። ሌላ ምንም የለም።

ሜይ 12፣ እሑድ

እኔ ቤተ ክርስቲያን የምስም ሰው ነኝ። ግን የኬታ ልጅ ሆኖ ቬናቪ ያላየ የለም። ከመንታ አንዱ ሲሞት በእሱ ፈንታ ከእንጨት ትንሽ ምስል ይቀረጻል፤ በሕይወት ያለው ሲታጠብ ይታጠባል፣ ሲበላ ይቀርብለታል። ካልተደረገለት ይከፋውና ወንድሙን ይጠራዋል ይላሉ። ዳዳን እንደ ዋዛ ጠየቅኋት።

«አሠሪዬ መንታ አርግዛ አንዱ ጠፋባት። ገና ሳይወለድ ለጠፋ ቬናቪ ይቀረጽለታል እንዴ?»

የባሕሩ ድምፅ በስልኩ ይሰማል።

«ልቡ መምታት ጀምሮ ነበር?»

«ጀምሮ ነበር።»

«እንግዲያ ሰው ነበር። አሠሪሽ የእኛ አገር ሰው ናት?»

«የኩማሲ ሰው ናት።»

«ታዲያ ስለ ቬናቪ ምን አሳሰባት?»

«እንዲያው ጠየቀችኝ።»

«በግራ ጎኗ ትተኛ፣ በያት። ከባድ ነገር እንዳታነሣ።»

ጁን 6

ሆድ 36። ክሊኒኩ በር ላይ አንድ ሽማግሌ የእንጨት ማንኪያና በርጩማ ዘርግቶ ይሸጣል። ከንግግሩ የአገሬ ሰው መሆኑን ካወቅሁ ሰንብቻለሁ። ዛሬ ሾፌሩ ነዳጅ ሊቀዳ ሲሄድ ወጣሁ።

«አንድ ነው ሁለት?» አለኝ፣ ገና ምን እንደምፈልግ ተናግሬ ሳልጨርስ።

«አንድ።»

«አንደኛው አለ ማለት ነው። ዕድሜ ይስጠው። ወንድ ነው ሴት?»

«አላውቅም።»

ቀና ብሎ አየኝ። «እንግዲያ ልብስ አልብሺው» አለና ከሳጥኑ ሥር አወጣልኝ። እጁ ከጎኑ የተጣበቀ፣ ዓይኑ የተከፈተ፣ አንድ ስንዝር የማይሞላ። ሰማንያ ሴዲ።

ከሰማያዊ ብጣሽ ጨርቅ ሸሚዝ ሰፋሁለት። ጠዋት ጠዋት መታጠቢያ ቤት ይዤው እገባለሁ፤ ሆዴን ሳጥብ እሱንም አጥባለሁ። የማምንበት ሆኜ አይደለም። በሕይወት ያለው እንዳይጠራብኝ ነው። እንዳይጠራባቸው፣ ማለቴ ነው።

ደግሞም አልሰረቅሁም። የደንበኛ ብጣሽ ሰፊው ዘንድ ይቀራል፤ ደንበኛዋ ካልጠየቀች የሰፊው ነው። በእኛ ሙያ ይህን የማያውቅ የለም። እነሱ ቀይ መስመር አስምረውበታል።

ጁላይ 9

ሆድ 39። ማዳም አፍሪዬ ብቻዋን መጣች። ክፍላችን ገብታ በሩን ቆለፈችና ቀሚሷን ገለበች። ከወገቧ ላይ ስፖንጅ በመቀነት ታስሯል። ለአማቷ፣ ለቤተ ክርስቲያኑ፣ ለመድኃኒት ቤቱ ሠራተኞች ያረገዘችው እሷ ናት።

«ልብስ ሰፊ ነሽ ብለውኝ ነው። ስሄድ ይዞራል። ባለፈው እሑድ መዝሙር ላይ ጎኔ ላይ ደርሶ ነበር» አለችኝ።

ሳቅ አመለጠኝ። ደነገጥኩ። ከዚያ እሷም ሳቀች፣ እየሳቀችም ዓይኗ እንባ ሞላ።

ስፌቱ የሚያሳፍር ነው። እውነተኛ ሆድ ከላይ አይጀምርም። የራሴን ልክ ወስጄ በየወሩ እያደገ የሚሄድ እሰፋልሻለሁ አልኳት፤ ተሳስቼ አንቺ አልኳት፣ አላረመችኝም። ከውስጥ በቁልፍ የሚዘጋ ኪስ አለው፤ ስፖንጅ የሚጨመረው በዚያ ነው። ሁለት መቶ ሴዲ ከፈለችኝ። ጠበቃ ሳይኖር የተነጋገርነው ዋጋ ይኸው ብቻ ነው። ስትወጣ በሩ ላይ ቆም ብላ ሆዴን አየችው። «ይራገጣል?» አለች። ይራገጣል አልኩ። አሳዪኝ አላለችም፤ እኔም ነይ ንኪው አላልኩም። ከሄደች ጀምሮ እየቆጨኝ ነው።

ኦገስት 18፣ እሑድ

ባሕሩ ማድቤቱን ወሰደው። ዳዳ ድስቶቹን ቀድማ አውጥታ ነበር። አዲሱ ቦታ ላይ የአንዱ ክፍል ግድግዳ ቆሟል፤ ጣሪያ የለውም። የስድስተኛው ወር ክፍያ በብሎኬቱ አለቀ። ቆርቆሮው የሚገዛው ስወልድ ከሚከፈለኝ ነው። ሴፋኮር መቼ ነው የምትመጪው አለችኝ። ለገና በዓል አልኳት።

ሆድ 42።

ሴፕቴምበር 10

ተገኘብኝ። አንቲ አራባ አንሶላ ስትቀይር ትራሴ ውስጥ አገኘችው። ጮኸች። ኮርኮር ሮጣ መጥታ አይታ፣ «ኧረ አሻንጉሊት ነው፣ አንቲ» አለች። ማን ሰምቷት።

«ልጁን ልታስሪው ነው? ከወለድሽ በኋላ ወደ አንቺ እንዲመለስ?»

«አይደለም፣ አንቲ። የጠፋው ነው።»

«የጠፋውማ ጠፍቷል።»

ልትነካው ፈራች። በእግሯ ወደ አልጋው ሥር ገፋችው። ልትገፋው አይገባም ነበር።

ሴፕቴምበር 12

ባልየው ደንቡን አንብቦልኛል። ያለ ፈቃድ መውጣት፣ የባህል ዕቃ ማስገባት፦ ስምንት ሺህ ከመጨረሻው ክፍያ ይቆረጣል። ወይ ደግሞ ቅዳሜ ፓስተራቸው ባለበት በገዛ እጄ አቃጥለዋለሁ፤ ቅጣቱም ይቀራል። ማዳም አፍሪዬ አጠገቡ ተቀምጣ ጫማዋን ታያለች።

ስምንት ሺህ ጣሪያው ነው፣ ልክ በልኩ። አቃጥለዋለሁ አልኩ። ምን ልበል? ልጄ ጣሪያ የላትም።

ሴፕቴምበር 14፣ ቅዳሜ

አቃጠልኩ። ፓስተሩ ጸለየ። በሰማያዊው ሸሚዝ ጠቅልዬ እኔው ይዤው ወጣሁ፤ ማንም ሊነካው አልደፈረምና። እሳቱ ውስጥ አስገባሁት።

ይህን ደብተር ቢያገኙት አለቀልኝ፤ ግን አንድ ቦታ ካልጻፍኩት ልቤ አይተኛልኝም። የተቃጠለችው በርበሬ የምንወቅጥባት የማድቤቱ ትንሽ ዘነዘና ናት። ቬናቪው ኮርኮር ቦርሳ ውስጥ ነበር። «የእኔን ቦርሳ ማንም አይፈትሽም፤ ውስጡ ያለው የቆሸሸ የውስጥ ልብስ ነው» ብላ ወሰደችልኝ። እሳቱ ዳር ቆማ ከሁሉም በላይ አሜን የምትለው እሷ ነበረች።

በእግዚአብሔር ስም በተጸለየበት ነገር አታለልኩ። ንስሐ መግባት አለብኝ። ለየትኛው እንደሆነ ነው ያልገባኝ።

ሴፕቴምበር 29

ሆድ 44። አንቲ አራባ ዛሬም ዘነዘናዬን ማን ወሰደው እያለች ነው።

ኦክቶበር 6፣ እሑድ

«ያቺ አሠሪሽ ቬናቪ አስቀረጸች?» አለችኝ ዳዳ፣ ሳልጠይቃት።

«አስቀረጸች።»

«አብሮት ከሚኖረው ጋር ይሁን። መንታ ከመንታው ጋር ነው የሚታጠበው። ለይቶ ሌላ ቤት የሚያስቀምጠው ሰው በሕይወት ያለውን ወደ ራሱ ቤት እየጠራ ነው። ይሄን ታውቃለች?»

«እነግራታለሁ።»

«ንገሪያት። ሳታውቅ አድርጋው ይሆናል።»

ሳታውቅ ነው። እርግጠኛ ነኝ ሳታውቅ ነው።

ኖቬምበር 4

ማዕበሉ መጣ። የፊተኛው ክፍል የለም። ጣሪያ በሌለው በአዲሱ ክፍል ሸራ ወጥረው አደሩ። ዳዳ ደህና ነን አለች። ሴፋኮር ኮከብ ቆጥራ ማደሯን ነው የነገረችኝ። አሥር ቀን ቀረኝ።

ኖቬምበር 14

ሴት ናት። በቀዶ ጥገና። ከመጋረጃው ማዶ አለቀሰች። ወሰዷት።

ኖቬምበር 15

አላየኋትም። በወረቀቱ ላይ እንዲያ ነው የተስማማሁት። ፀጉሯ ብዙ ነው ብላ ነርሷ ነገረችኝ። ባትነግረኝ ይሻል ነበር። ወተቱ መጥቷል፤ ነጠላ ጨርቅ ቀድጄ ደረቴን አሰርኩ።

ኖቬምበር 16፣ ቅዳሜ

ማዳም አፍሪዬ ልጅቷን ታቅፋ ክፍሌ ገባች። ባሏ ታች ሒሳብ እየከፈለ ነው። ሴት ከወለደች ወዲያው ሆዷ አይጠፋምና ትንሹን ስፖንጅ አስራለች፤ እኔ የሰፋሁትን። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ልጅቷን አላየኋትም። ካልሲዋን ብቻ ነው ያየሁት፤ አንዱ ወልቋል።

«ያ ዘነዘና» አለችኝ።

«የቱ ዘነዘና፣ ማዳም?»

«አክፔኔ፣ አታድክሚኝ። አንቲ አራባ በመጣሁ ቁጥር ስለ ዘነዘናዋ ስታማርር ነው የከረመችው። ደግሞ እሳቱ ዳር እኔም ነበርኩ። ጨርቁ ሲቃጠል አየሁት፤ ጭንቅላት አልነበረውም።»

ገና ያልተከፈለኝን በልቤ ቆጠርኩ።

«ለባሌ አልነገርኩትም» አለች። «ለሁለቱም ስም አውጥቼ ነበር። ሐኪሙ ምንም አይደለም አለኝ። ባሌ ምንም አይደለም አለኝ። እናቴ የለች፣ አማቴ አታውቅ፣ ለማን አለቅሳለሁ? ያን ቀይ መስመር ሲያሰምር አጠገቡ ነበርኩ፤ እስክሪብቶውን ያቀበልኩት እኔ ነኝ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አሳዪኝ» አለች።

ከልብሴ መሀል አወጣሁት። አዲስ ሸሚዝ ለብሷል። በአንድ እጇ ልጅቷን እንደያዘች በሌላው ተቀበለችኝ።

«ይበላል?»

«ከምትበላው ትንሽ ይቀርብለታል። እሷ ስትታጠብ ይታጠባል። አብረው ነው።»

«ስጪኝ» አለች።

ይህን ሁሉ ወር አይሆንም ያልኩት ነገር የለም። ብዪ ያሉኝን በላሁ፣ ተኚ ሲሉኝ ተኛሁ፣ አቃጥዪ ሲሉኝ እሳት ዳር ቆምኩ። አይሆንም የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። በሰረዛችሁት ቀን የእናንተ መሆኑ ቀርቷል ልላት ነበር። እሱ የእኔ ነው፣ ማንም አልከፈለበትም ልላት ነበር። አምስት ወር በየጠዋቱ ያጠብኩት እኔ ነኝ።

ግን ዳዳ ያለችው አለ። ለይቶ የሚያስቀምጥ ሰው በሕይወት ያለውን ወደ ራሱ ይጠራል። እንግዲህ በየጠዋቱ ማንን ስጠራ እንደነበር እግዚአብሔር ያውቃል። እዚህ ደብተር ላይ እንኳ አልጻፍኩትም።

ልጅቷ እግሯን ዘረጋች። ካልሲዋን አነሣሁና አጠለቅሁላት። ተረከዟን ነካሁት። ሌላ ምንም አላደረግሁም።

«ውሰጂው» አልኳት።

«ስንት ልክፈልሽ?»

«ብጣሽ አይሸጥም። ደንበኛዋ ከጠየቀች ይመለስላታል።»

የባሏ ድምፅ ከደረጃው ተሰማ። ቀሚሷን ገለበች፤ የሰፋሁላትን ኪስ ፈታ አንድ ጭብጥ ስፖንጅ አውጥታ እጄ ላይ አስቀመጠች፣ እሱን በቦታው አስገባችና ቆለፈችው። ልኩ ነበር። ከዚያ ልጅቷን በክንዷ፣ ሌላውን እጇን ከሆዷ ሥር አድርጋ፣ ቀስ ብላ ወጣች። አራት ወር ስፖንጅ አስራ ስትሄድ አይቻታለሁ፤ እንደ ነፍሰ ጡር የተራመደችው ዛሬ ነው።

ኖቬምበር 18

አንቲ አራባ የመጨረሻውን ወረቀት አመጣች። «የሚገባኝን ካሳ ሙሉ በሙሉ ተቀብያለሁ» ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ገንዘቡ ልክ ነው፣ ሴዲ አልጎደለም። ፈረምኩ። ኮርኮር በር ድረስ ሸኘችኝና፣ ምን እንደምትለኝ ጠፍቷት፣ «ዘነዘና ገዝተሽ ላኪልን» አለችኝ።

ኖቬምበር 24፣ ኬታ

ቆርቆሮው ትናንት ተመታ። ሴፋኮር አንድ ክንድ አድጋለች፤ ከአንገቴ አልወርድም ብላ ቁስሌን አሳመመችኝ፣ ችዬ አቀፍኳት። ወገብ 37። ሌላውን አልለካሁም።

ዳዳ ከመጣሁ ጀምሮ ምንም አልጠየቀችኝም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው ነገራችን። ዛሬ ጠዋት ሴፋኮርን ውሃ ቀድታ እንድትመጣ ላከቻትና፣ ዓሣ እየጠራረገች፣ ፊቷን ሳታዞር ጀመረችኝ።

«ያቺ አሠሪሽ እንዴት ናት?»

«ደህና ናት።»

«በሰላም ተገላገለች?»

«በሰላም።»

«ምን ወለደች?»

«ሴት።»

«ተመስገን። ሌላውስ?»

«አብሯት ነው።»

ዳዳ ቢላዋዋን አስቀመጠች። እጇን ታጠበች፣ አደረቀች። ምድጃው ላይ የነበረውን ውሃ አውርዳ በሳፋ አቀረበችልኝ፣ ንጹሕ ጨርቅም አጠገቡ አደረገች።

«ደረቷን እንዲህ አጥብቃ እንዳታስር ንገሪያት» አለችኝ። «ይመረቅዛል። ትፍታውና በሙቅ ውሃ ትያዘው። ቢያማትም ያልፋል፣ በያት።»

እነግራታለሁ አልኳት፤ ጨርቁን ፈታሁ።